ሳጥን ውስጥ የቀረው ወረቀት፦ የአንድ የመንዝ ገበሬ የጉበት ካንሰር በሲቲ ስካን የታወቀበት ጉዳይ

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ

የምሠራው ሰሜን ሸዋ ውስጥ በራዲዮሎጂ ክፍል ነው። የጉበት ዕጢ ማየት ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን አንድ ጉዳይ ለብቻው እንድጽፍ ያደረገኝ፣ ታማሚው እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት አንድ አልትራሳውንድና አንድ ሲቲ ስካን ተነሥቶ፣ ሁለቱም ዕጢውን እያሳዩ ምንነቱ ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። መሣሪያዎቹ ደህና ነበሩ። ያነበቧቸውም ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። የጎደለው በምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ መጻፍ የነበረበት አንድ መስመር ነበር። ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዷል፤ የሰውም የተቋምም ስም አላነሣም።

ታማሚው

የ43 ዓመት ገበሬ ነው፣ የመንዝ ሰው። ገብስ ያመርታል፣ በግ ያረባል። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነው። ከበዓል ጠላ በቀር መጠጥ አይወድም።

ሕመሙ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። በቀኝ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር የሚከብድ ነገር ይሰማው ጀመር፤ ትንሽ ሲበላም ይጠግብ ነበር። ኅዳር ላይ ማጭድ መያዝ አቅቶት አጨዳውን ደቦ ወጥቶለት ጨረሰ። ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የጨጓራ፣ ቀጥሎ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጠው። ዓይኑ ቢጫ ሲል ጎረቤቶቹ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ቅጠል አስጠጡት፣ ጠበልም ገባ። ጠበሉን እኛም ተው አላልነውም። ቅጠሉን ግን እንዲያቆም ለምነነዋል፤ የተጎዳ ጉበት ምንነቱና መጠኑ የማይታወቅ ነገር አይችልም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምስሎች

ኅዳር መጨረሻ ላይ በአንድ የግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ ተነሣ። ውጤቱ በጉበቱ ቀኝ ክፍል 5.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከዙሪያው ነጣ ያለ ዕጢ እንዳለ ይገልጻል፤ «ሄማንጂዮማ ወይም ሃይዳቲድ ሊሆን ይችላል» ብሎ ያበቃል። ግምቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ሄማንጂዮማ የሚባለው ጉዳት የሌለው የደም ሥር እብጠት በአልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ነጥቶ ይታያል። ሃይዳቲድ ደግሞ ከውሻ ሆድ የሚመጣ የትል በሽታ ነው፤ በግና ውሻ አብረው በሚውሉበት አገር የጉበት እብጠት ያየ ሐኪም እሱን ቢጠረጥር ትክክል ነው። ግን ሃይዳቲድ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው፣ በውስጡም ደም አይዘዋወርም። የዚህ ሰው ዕጢ ጠጣር ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሲቲ ስካን ታዘዘለት። አንድ በሬ ተሸጠ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «የሆድ ሕመም፣ የጉበት ዕጢ?» የሚል ብቻ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ወረቀት የሚሠራው የተለመደው የሆድ ሲቲ ነው፦ ኮንትራስቱ፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላው ፈሳሽ፣ በደም ሥር ከገባ ከ70 ሰከንድ አካባቢ በኋላ አንድ ጊዜ ይነሣል። በዚያ ምስል ላይ ዕጢው ከጉበቱ የጠቆረ ሆኖ ታየ። የተሰጠው ሐሳብ «ከሌላ ቦታ የተዛመተ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ምንጩ ይፈለግ» የሚል ነበር፤ የጨጓራና የትልቁ አንጀት ኢንዶስኮፒ (በካሜራ ውስጡን ማየት)፣ ከዚያም በመርፌ ናሙና መውሰድ።

አብሮት የሚመላለሰው ታናሽ ወንድሙ በኋላ «ያን ያህል ገንዘብ ከፍለን እንዴት አላዩትም?» ብሎ ጠይቆኛል። የመለስኩለትን እዚህም ልድገመው። ጉበት በሁለት ቦይ የሚጠጣ ማሳ ነው። አንዱ ቦይ ከአንጀት ደም የሚያመጣው ፖርታል ቬን ነው፤ ጤነኛ ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛውን ያህል የሚጠጣው ከእሱ ነው። ሁለተኛው የጉበት ደም ቅዳ ነው፤ ሩቡን ያህል ያመጣል። ከጉበቱ የተነሣው ካንሰር ግን እያደገ ሲሄድ ከፖርታሉ ይፋታና ከሞላ ጎደል ከደም ቅዳው ብቻ መጠጣት ይጀምራል። ኮንትራስት ሲሰጥ መጀመሪያ የሚሞላው ደም ቅዳው ነውና ካንሰሩ ከጉበቱ ቀድሞ ያበራል። ጉበቱ ከፖርታሉ ጠጥቶ ሲያበራ ደግሞ ካንሰሩ ቀድሞ የጠጣውን አራግፎ ይጠቁራል። በሽታውን የሚያሳውቀው ይህ መብራትና መጥፋት ነው። በ70ኛው ሰከንድ ብቻ ያነሣ ሰው የሚያየው መጥፋቱን ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ የሚጠቁር ነገር ብዙ ነው።

ወረቀቱ

ጥር ላይ ወደ እኔ የተላከው ለባዮፕሲ ነበር። መርፌውን የማስገባው እኔ ነበርኩ። ባናውን ደርቦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የደም ውጤቱን ሳይ ቆም አልኩ፦ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ወርዶ 78,000፣ የደም መርጋት መለኪያው አይኤንአር 1.6። ደሙ ለመርጋት የሚዘገይ ሰው ጉበቱ ከተወጋ ሊደማ ይችላል። ከዚያም በላይ ጥያቄ ሆነብኝ። ካንሰሩ ከአንጀት የተዛመተ ከሆነ ፕሌትሌቱ ለምን ወረደ?

አልትራሳውንዱን ራሴ ደገምኩት። ለአንገትና ለጡት የምንጠቀምበትን የላይ የላዩን በጥራት የሚያሳይ ፕሮብ ጉበቱ ላይ አድርጌ ጠርዙን ተከተልኩ። ቀጥ ያለ መስመር መሆን የነበረበት ጠርዝ ጎርበጥ ጎርበጥ ይል ነበር። ጣፊያው 15 ሴንቲ ሜትር ደርሷል፤ በጉበቱ ዙሪያ ስስ ውሃ አለ። ይህ ሲሮሲስ፣ ማለትም ጠባሳ የሞላው ጉበት ነው። የጣፊያው ማበጥና የፕሌትሌቱ መውረድ በዚህ ተፈታ። በሁለተኛው ምስል ላይም ጎርበጥባጣው ጠርዝ ነበር፤ ያወቀና የፈለገ ሰው ያየው ነበር።

የማይጠጣ ሰው ሲሮሲስ ከየት አመጣ? «የጉበት ቫይረስ አለብዎት ተብለው ያውቃሉ?» አልኩት። «የለብኝም» አለ። ጥያቄውን ቀየርኩት፦ «ደም ሰጥተው ያውቃሉ?»

ዝም አለ። ወንድሙን አየና «እስቲ አንተ ውጭ ጠብቀኝ» አለው። በሩ ሲዘጋ፣ ከ4 ዓመት በፊት ሚስቱ በወሊድ ደም ፈስሷት ደም ሊሰጥላት ገብቶ እንደነበር፣ በኋላ ተጠርቶ «ደምህ ለሰው አይሆንም» እንደተባለና ወረቀት እንደተሰጠው ነገረኝ። ክትትል ያለው አልመሰለውም፣ የነገረውም የለም። «ሰው ከእኔ ጋር በአንድ ዋንጫ አይጠጣም፣ ልጆቼንም አያጎርሱልኝም ብዬ ፈራሁ» አለኝ። ያገኙበት ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ነበር፤ እሱ ደግሞ በዋንጫም በጉርሻም አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በጋራ ምላጭና ስለት ነው። ይህን ያን ቀን የነገረው ቢኖር ኖሮ አራት ዓመት ብቻውን አይሸከመውም ነበር።

ወረቀቱን እንዲያመጣልን ወንድሙን ላክነው። በሦስተኛው ቀን ከመሬት ደብተሩ ጋር ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ያገኘውን፣ በላስቲክ የተጠቀለለና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዞ መጣ። እጥፋቱ ላይ ጽሑፉ ለቋል። ቀኑ ግን ይነበባል፣ 2011 ዓ.ም.፤ ከሥሩም በእጅ ጽሑፍ «ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ» ይላል። የዚያኑ ዕለት ደሙን ደግመን መረመርነው፤ ፖዘቲቭ ነው።

ያን ወረቀት ይህን ያህል የፈለግሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። የሄፓታይተስ ቢ አንቲጅን (የቫይረሱ ምልክት) ከ6 ወር በላይ በደም ውስጥ ከቆየ በሽታው ሥር የሰደደ ይባላል፤ የ4 ዓመቱ ወረቀት ይህን አረጋገጠ። የጉበት ካንሰርን ያለ መርፌ፣ በምስል ብቻ «ነው» ማለት የሚፈቀደው ደግሞ ሲሮሲስ ወይም ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ላለው አዋቂ ሰው ነው። ዓለም የሚሠራበት ላይ-ራድስ የተባለው የምስል አነባበብ መመሪያ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ያው ምስል ይህ ታሪክ በሌለው ሰው ላይ ቢታይ ናሙና መውሰድ ግድ ይሆን ነበር። ታሪኩ ምስሉን ለማንበብ ከመርዳትም አልፎ ምስሉ የመፍረድ ሥልጣን እንዲኖረው ያደርጋል።

ሦስት ጊዜ ማንሣት

ባዮፕሲው ቀረ። ከውስጥ ደዌ ሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ባለ ሦስት ደረጃ ሲቲ ወሰንን። ቤተሰቡ ሁለተኛ ሲቲ ሲባል ደነገጠ፤ የመጀመሪያው ያልመለሰው የትኛው ጥያቄ እንደሆነ፣ ይህኛው እንዴት እንደሚመልሰው በምስሉ ፊት አስቀምጬ አሳየኋቸው። ለዚህ የወጣው ግማሽ ሰዓት አይቆጨኝም።

ክሬቲኒኑ ታይቶ ኩላሊቱ ደህና መሆኑ ተረጋገጠ። የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስቷ ወፍራሙን 18 ቁጥር ካኑላ በክርኑ እጥፋት አስገባች። በእጅ መዳፍ ጀርባ ላይ ያለ ቀጭን ካኑላ በሰከንድ 4 ሚሊ ሊትር አይችልም፤ ኮንትራስቱ ዝግ ብሎ ከገባ ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ ደብዛዛ ይሆናል። ከዚያ ያለ ኮንትራስት ትንፋሽ አስጠናችው። «ጋሼ፣ አየር ያስገቡ፤ ይያዙ፤ አሁን ይልቀቁ»፣ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው «ገባኝ፣ እንደ ዋና ነው» አላት። ትንፋሹ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ከተለያየ ዕጢው ቦታውን ይቀይራል፤ ማነጻጸር ይቸግራል።

የተነሣው በ35ኛው፣ በ70ኛው ሰከንድ ግድምና ከ3 ደቂቃ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ በሰዓቱ መነሣቱን የምናውቀው በሰከንዱ ብቻ አይደለም፤ በምስሉ ላይ ደም ቅዳው ደምቆ፣ ፖርታሉ ጥቂት ኮንትራስት ይዞ፣ ከጉበት የሚወጡት ደም መልሶች ገና ባዶ መሆን አለባቸው። እንደዚያ ሆኖ አገኘነው።

ዕጢው 6.4 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። በመጀመሪያው ደረጃ ጠርዙ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ጭምር ከጉበቱ በልጦ አበራ። በሁለተኛው ደበዘዘ። በሦስተኛው ከጉበቱ ጠቁሮ በዙሪያው ቀጭን የሚያበራ ቀለበት ታየ። ሄማንጂዮማ ቢሆን ከዳር እንደ ዶቃ ጀምሮ ወደ መሃል እየሞላ ይሄድና እንደበራ ይቆይ ነበር። ከዕጢው አጠገብ ደግሞ የፖርታሉ ቀኝ ቅርንጫፍ ሰፍቶ በጠጣር ነገር ተሞልቷል፤ ያም ጠጣር ነገር በመጀመሪያው ደረጃ አበራ። ተራ የረጋ ደም አያበራም። ካንሰሩ ደም ሥር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ሪፖርቱን «ከጉበት የተነሣ ካንሰር፣ በፖርታል ደም ሥር ውስጥ የገባ» ብዬ ጻፍኩ። የጥያቄ ምልክት አላደረግሁበትም።

የሠራውና ያልሠራው

ምርመራው ሠርቷል። ሰውየው ከመርፌውና ከሁለቱ ኢንዶስኮፒዎች ድኗል፤ ሐኪሞቹም በእርግጠኝነት መናገር ችለዋል።

ሕክምናው ግን እንደተመኘነው አልሆነም። ካንሰሩ ፖርታሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ቀዶ ማውጣትና በሙቀት ማቃጠል እዚህ የሚታሰቡ አልነበሩም። ቢሊሩቢኑ 2.4፣ አልቡሚኑ 2.9 ነበር፤ ውሃውም ተደምሮ ጉበቱ የጉበትን ድካም በሚለካው ቻይልድ-ፒዩ መለኪያ መካከለኛው ቢ ደረጃ ላይ ወደቀ። ሶራፌኒብ ስለተባለው የካንሰር ክኒን ተነጋገርን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የታተመው ትልቁ ጥናት ክኒኑን የወሰዱት ታማሚዎች ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 10.7 ወር፣ ያልወሰዱት 7.9 ወር መሆኑን አሳይቷል። የጥናቱ ታማሚዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ጉበታቸው ከዚህ ሰው የተሻለ ነበር። ዋጋውን ሲሰማ «ለሁለት ወር ብዬ የልጆቼን በሬ አልሸጥም» አለ። ቫይረሱን የሚገታው ቴኖፎቪር ተጀመረለት፣ ውሃው በመድኃኒት ቀነሰ፣ ለሕመሙ ማስታገሻ ተሰጠው።

ሊያሳስተን የነበረ ሌላ ነገርም ነበር። ኤኤፍፒ የተባለው የደም ምርመራ 38 ብቻ ሆኖ መጣ። አንድ የሥራ ባልደረባ «ከ400 በታች ከሆነ ካንሰር አይሆንም» ብሎ ቤተሰቡን ተስፋ ሰጥቷቸው ነበር። ኤኤፍፒ በጣም ከፍ ሲል ጥርጣሬን ያጠናክራል፤ ዝቅ ማለቱ ግን ካንሰር አለመኖሩን አያሳይም፤ የጉበት ካንሰር ኖሮባቸው ኤኤፍፒያቸው የማይጨምር ብዙ ናቸው። የተሰጠን ተስፋ መልሶ መውሰድ ከባድ ነው። ያን ቀን የወንድሙን ፊት አልረሳውም።

ስለ መርዶው ደግሞ እኔ ተሳስቼ ነበር። ወንድሙ «ለእሱ አትንገሩት፣ ልቡ ይሰበራል» ሲለኝ እሺ ብዬ ነበር። በሳምንቱ ታማሚው ራሱ ጠየቀኝ፦ «ዶክተር፣ ማሳዬን ለማን እንደምተው ልወስን ነው። ንገሩኝ።» ከውስጥ ደዌ ሐኪሙ ጋር ቁጭ ብለን ነገርነው። አላለቀሰም። ለካ የቸኮለው ለመሬቱና ለትልቁ ልጁ ትምህርት ነበር፤ እኔ ያን ሳምንት ወስጄበታለሁ። ሐምሌ ላይ ቤቱ፣ ቤተሰቡ መሃል አረፈ።

ወደ ሥራችን የመጣው ለውጥ

የመጀመሪያው ለውጥ ወረቀቱ ላይ ነው። የሲቲና የአልትራሳውንድ መጠየቂያችን ላይ «የጉበት ዕጢ» ተብሎ ከተላከ መሞላት ያለበት አንድ መስመር ጨመርን፦ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ተመርምሯል ወይ፣ ሲሮሲስ አለ ወይ። መስመሩ ባዶ ሆኖ ከመጣ ቴክኖሎጂስቷ ታማሚውን ከማስተኛቷ በፊት ለላከው ሐኪም ትደውላለች። መጀመሪያ ላይ የተቆጡ ነበሩ። የሄፓታይተስ ቢ ፈጣን ምርመራ ዋጋ ከሲቲው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ውጤቱም እዚያው ይደርሳል፤ ይህን ሲያዩ ለመዱት። ኤክስሬይም ሆነ ሲቲ የሌለው ጤና ጣቢያም ቢሆን ይህን አንድ መስመር መጻፍ ይችላል።

ሁለተኛው አጠያየቃችን ነው። «የጉበት በሽታ አለብዎት ወይ?» ሲባል «የለብኝም» የሚል ብዙ ሰው ነው፤ ወይ አያውቀውም፣ ወይ ይፈራል። «ደም ሰጥተው ያውቃሉ? ምን አሏችሁ? ከወንድም እህት ሆዱ በውሃ ተነፍቶ የሞተ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ አስታማሚውን ውጭ አድርጎ።

አልትራሳውንድ ለሚያነሡ የሥራ ባልደረቦቼ የምለምነው፣ ዕጢ ባያችሁ ጊዜ ዕጢው ላይ አትቅሩ። የጉበቱን ጠርዝ፣ ጣፊያውን፣ ፖርታሉን፣ በሆድ ውስጥ ያለውን ውሃ አይታችሁ ጻፉ። ነጭ ዕጢ በጤነኛ ጉበት ላይ ሄማንጂዮማ ሊሆን ይችላል፤ በሲሮሲስ ጉበት ላይ ግን ባለ ሦስት ደረጃ ምስል ሳይነሣ ሄማንጂዮማ ብሎ መተው አደገኛ ነው። ሃይዳቲድ የተጠረጠረም ሳይጣራ መርፌ አይገባበትም፤ ከረጢቱ ከፈሰሰ ሰውነት በድንገት ተቆጥቶ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ደም ባንክ ላይ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ወረቀት ብቻ ይዞ እንዳይሄድ ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋግረናል። ይህ ሰው በ2011 ክትትል ጀምሮ፣ መድኃኒት ካስፈለገው ወስዶ፣ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ቢነሣ ኖሮ፣ ዕጢው ሁለት ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ሊታይ የሚችልበት ዕድል ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ በቀዶም በማቃጠልም ሊወገድ የሚችል ነው።

ቤተሰቡን ሁሉ መረመርን። ሚስቱ ነጻ ናት፣ ክትባት ጀመረች። የ19 ዓመቱ ልጅም ነጻ ነው፤ እሱ የተወለደው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለአገራችን ሕፃናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ከመጀመሩ በፊት ነውና አሁን ተከተበ። ሁለቱ ታናናሾች በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የተከተቡ ናቸው፤ ነጻ ናቸው። ታናሽ ወንድሙ፣ ያ ሁሉ ጊዜ የተመላለሰው፣ ፖዘቲቭ ሆነ። ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው፤ በሕፃንነቱ የተያዘ ሰው ከ10ሩ 9 ያህሉ ሥር ሰዶበት ይቀራል፤ በአዋቂነቱ የተያዘ ግን ከ100 ከ5 አይበልጥም።

ወንድሙ ዕድሜው 38 ነው፣ ጉበቱ ለስላሳ ነው። መድኃኒቱን ይወስዳል። እስከ አሁን ሦስት ጊዜ አልትራሳውንድ አንሥቼዋለሁ፣ ሦስቱም ንጹሕ ናቸው። የራሱን የውጤት ወረቀት የወንድሙ ወረቀት በነበረበት ላስቲክ ጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ሳጥን ውስጥ ግን አይከተውም፣ በደረት ኪሱ ይይዘዋል። ቀጣዩ ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ ነው።